በገዳሙ ጣሪያ ያለፈው መልእክት

ገዳሙ የሚባል ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነበር። እጁ ወርቅ፣ አፉ እሬት! «ይሄን ደግሞ ማን ነካካው?» ብሎ ሳይቆጣ የማንንም ስልክ አይከፍትም። ጉረኛም ነበር፤ ምን ይደረግ፣ የሚያስጎርር እጅ ተሰጥቶታል።

ልጅ ሳለ እናቱ ወይዘሮ የብርጓል ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ቴሌ መጥታ አዲስ አበባ ላለች እህቷ ደወለች። ስልኩ አልሰማ ሲላት የማኅፀን ሕመሟን በወረፋተኛው ፊት እየጮኸች ተናገረች። ሮብ ገበያ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ገባ፤ ገበያው ሲስቅባት ሰነበተ። ገዳሙ ያን ሳቅ አልረሳውም።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ ስልኩም ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። ያኔ ገዳሙ የተጣሉ ራውተሮችን፣ እነዚያን የኢንተርኔት ማሰራጫ ሣጥኖች፣ ሰብስቦ ጠጋግኖ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ በየጣሪያውና በየኮረብታው አሥራ አራት ሣጥን ሰቀለ። አንዱ ሣጥን የተቀበለውን ለቀጣዩ ያቀብላል። አለቃ የለው፣ ማዕከል የለው፤ አንዱ ቢወድቅ በሌላው ይዞራል። መልእክቱን የሚከፍተው የተላከለት ሰው ስልክ ብቻ ነው። «የሠራሁት እኔ እንኳ አላነበውም!» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ዋናው ምክንያት ግን እናቱ ነበረች። ልቧ ደክሞ ነበር። «ስሞት እጄን ያዘኝ» ብላ አስምላዋለች። «አንድ ቃል ላኪብኝ እንጂ ከንፋስ ፈጥኜ እመጣለሁ፣ እማ» ብሏታል።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ሕመሙ ጠናባት። «ገዳሙን ጥሩልኝ» አለች። አብሯት የሚኖረው ታላቅ ልጇ አንሙት ስልኩን አነሣና አመነታ። ክፉ ወሬ ለብቸኛ ሰው እንዲህ በባዶው ይነገራል? ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላሉት አጎታቸው ለመሪጌታ አካለ ወልድ ጻፈ፦ «እማ በጣም ታማለች፤ ገዳሙን እየጠራች ነው። በወጉ ይንገሩትና ቶሎ ይላኩልኝ።»

መሪጌታ አንብበው አለቀሱ። በእኛ አገር ሞተ ብሎ የሚልክ ማን አለ? ታመመ ተብሎ ነው ልጅ የሚጠራው። እህታቸው አርፋለች ብለው ቆረጡ። መርዶ ደግሞ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። በዚያው በገዳሙ ሣጥን ለከተማው ዘመድ ሁሉ ላኩ፦ «ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በገዳሙ በር ላይ። እሱ እንዳይሰማ።»

አንሙት ደጋግሞ ጻፈ። «ተነሣ ወይ? ዛሬ ይምጣ እንጂ!»

«ወይ አንሙት! ለእኔም ይደብቃል» አሉ መሪጌታ። «ነገ ይዘነው እንመጣለን» ብለው መለሱ።

ገዳሙ ምኑን አውቆ! የሣጥኑ መብራት እንደዚያ ቀን ብልጭ ድርግም ብሎ አያውቅም። «ኑ እዩልኝ! አገሩ ሁሉ በእኔ ጣሪያ እያለፈ ነው!» ብሎ ጎረቤቱን ጠራ። በአሥር ሰዓት ንፋስ አንቴናውን ሲያዘነብለው፣ የሰው ጉዳይ እንዳይስተጓጎል ብሎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አጠበቀው። ሲወርድ መሪጌታ በበሩ ሲያልፉ አገኛቸው።

«መሪጌታ፣ ከሮብ ገበያ ወሬ አለዎት? እማ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት ልጄ» አሉ ፊታቸውን አዙረው። አይ ሰው! ጨካኝ አልነበሩም እኮ፤ ያዘኑለት መስሏቸው ነው።

ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍቶ ነጠላቸውን ያደገደጉ ዘመዶቹን አየ። «እናትህ አርፋለች» አሉት። እየጮኸ በሚኒባስ ወደ ሮብ ገበያ ይዘውት ወጡ።

አንሙት ከበሩ ወጥቶ የገዳሙን ደረት ጨምድዶ ያዘ። «አሁን ነው የምትመጣው? ሌሊቱን ስትጠራህ አድራ፣ ይኸው ፀሐይ ስትወጣ አሸለበች!»

መርዶው ሲነገረው እናቱ በሕይወት ነበረች። መሪጌታ አጥሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ለምን ለእኔ አልጻፍክልኝም?» አለ ገዳሙ።

አንሙት ስልኩን ሰጠው። ገዳሙ በራሱ ጣሪያ ያለፈውን ቃል አንድ በአንድ አነበበ። ከመካከላቸው አንዱ «እጄን የሚይዘኝ ልጅ የት አለ ትላለች» ይላል። የተላከበትን ሰዓት አየ፤ አሥር ሰዓት ነበር፣ አንቴናውን ያጠበቀበት።