ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን

አቃቂ በሰቃ ውስጥ የሰይፈሥላሴን ቤት ለማግኘት የቤት ቁጥር መጠየቅ አያስፈልግም። «ያቺ ጣራ የሌላት መኪና ያለችበት» ካሉ ሕፃንም ያደርስዎታል። መኪናዋ ድሮ ቀይ ነበረች፤ አሁን ቀለሟ ምን እንደሆነ ሰፈሩ አልተስማማም። ጣሊያን ሠራሽ፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን ናት። ጣራዋ ሸራ ነው፤ እሱም አንዴ ከታጠፈ ወዲህ አልዘረጋም ብሎ ስንት ክረምት አልፏል።

ሰይፈሥላሴ ከብረታ ብረት ፋብሪካ በቶርኖ ሠራተኛነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መኪናዋን የገዛት ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ሲሆን፣ ያውም ሊነዳት አልነበረም። ሌላው ተጫራች በፒክአፕና በጭነት መኪና ሲሻማ፣ እሱ ሞተሯን አውጥቶ የውኃ መሳቢያ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ቤት አምጥቶ ኮፈኗን ከፈተ፤ ቆሞ አያት፣ አያትና መልሶ ዘጋው። ባለቤቱ ፈለቀች «ምነው፣ አልፈታኻትም?» ስትለው «ነገ» አለ። ያ ነገ ሳይመጣ ልጃቸው ልዕልት ተወለደች፣ አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወጣች።

ሦስት ሰው ላለበት ቤት ሁለት ወንበር ያላት መኪና መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ፈለቀችን ጠይቁ። ለጥምቀት ሲወጡ እሷ በታክሲ ቀድማ ትሄዳለች፤ አባትና ልጅ ፀጉራቸውን ነፋስ እያመሰው ከኋላ ይደርሳሉ። ዘመድ ጥየቃም እንደዚያው ነው። «ባል አገባሁ ብዬ ጎረቤት ሆንኩለት» ትላለች፤ እየሳቀች ብትናገረውም ቀልድ ብቻ አይደለም። የእድሩ ደንብ መኪና ያለው ሁሉ ለቀስተኛ ያድርስ ስለሚል፣ ሰይፈሥላሴ ሁልጊዜ የሚያደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሊቀመንበሩን አቶ መገርሳን። እሳቸውም ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ በየመንገዱ ለሚስቀው ሰው በቁም ነገር እጅ እየነሱ፣ ቀብር የሚሄዱ ሳይሆን ሹመት የሚቀበሉ መስለው ይደርሳሉ።

ልዕልት ያደገችው በዚያ በቀኝ ወንበር ላይ ነው። ገና እግሯ ወለሉን ሳይነካ ሥራ ተሰጥቷት ነበር፤ መኪናዋ ስትቆም በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን የእጅ ፍሬን የምትስበው እሷ ናት። «በአንዴ አይደለም፣ ጥርስ በጥርስ» ይላት ነበር አባቷ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እሷ ምላሷን አውጥታ በሁለት እጇ ትስባለች።

መኪናዋ አመለኛ ናት። ሁለተኛ ማርሽ በልመና እንጂ በግድ አይገባላትም። የቀኝ በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ዋናው ግን ፍሬኗ ነው። ሜዳ ላይ አንዴ ሲረገጥ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ግን በመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ለቀቅ አድርገው ሲደግሙት ነው የሚይዘው። ሰይፈሥላሴ ሰንፎ አይደለም ያላስጠገነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ዱባይ ድረስ ተፈልጋ፣ የመጣችው ሁሉ ወይ ትጠባለች ወይ ትሰፋለች። ትክክለኛዋን ሲጠብቅ ዓመቱ ነጎደና እግሩ ለመደው። ሁለቴ መርገጥ ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ሆነ፤ በመጨረሻም ብልሽት መሆኑን ራሱ ረሳው። ሰው ከጉድለቱ ጋር ብዙ ሲኖር እንዲህ ነው መሰለኝ።

ከእሱ በቀር ደግሞ ማንም ነድቷት አያውቅም። ልዕልት መንጃ ፈቃድ ያወጣች ዕለት እየሮጠች መጥታ እጇን ዘርግታ «ቁልፍ!» ብላው ነበር።

«ሰው ትለያለች፤ ታስቸግርሻለች» አላት።

ሌላ ቀን ጠየቀችው፤ ያንኑ ደገመላት። ከዚያ መጠየቋን ተወች። አሁን መድኃኒት በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ቫን ይዛ አዲስ አበባን ስታካልል ትውላለች፤ በአባቷ መኪና ውስጥ ግን ቦታዋ ያው ቀኝ ወንበር ነው።

እንግዲህ ሠርጓ ደረሰ። እጮኛዋ ዘአማኑኤል ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ አንገቱን የሚደፋ ጨዋ ልጅ ነው። መኪናዋን ካየ ጀምሮ ዓይኑ እሷ ላይ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ለሠርጋችን እሷን ቢፈቅዱልን?» አለ አንድ ቀን እየፈራ።

ሰይፈሥላሴ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ችግሩ ወንበሩ ነው። ሾፌር ከገባ ወይ ሙሽራው ወይ ሙሽሪት በእግር ሊሄዱ ነው። ስለዚህ ሙሽራው ራሱ ይንዳት ተባለ። ሰይፈሥላሴም «ምን ችግር አለ፣ እኔ አሳየዋለሁ!» አለ። ልዕልት ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቷን አየችው፤ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ፈለቀች ይህን አይታለች። እሱ አላየም።

በሠርጉ ሳምንት ዘአማኑኤልን አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ሜዳ ወስዶ አስተማረው። የማርሹን ልመና አሳየው። የበሩን ነገር ነገረው። ጠዋት ስትነሳ ምን ያህል መሞቅ እንዳለባት፣ መሪዋ ወደየት እንደሚያደላ፣ አንድም ሳይቀር አስረዳው። ስለ ፍሬኑ ግን ቃል አልተነፈሰም። ደብቆ አይደለም፤ ትዝ አላለውም።

የሠርጉ ዕለት መኪናዋ በአበባና በነጭ ሪባን ተሸልማ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየጨፈረ ሸኛት። ሚዜዎቹ የሙሽሮቹን ስልክ ይዘው ከፊት፣ ሙሽሮቹ መሐል፣ ፈለቀችና ዘመዶቿ በሚኒባስ፣ ሌላው አጃቢ ከኋላ ሆነው፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ድልድይ ወዲያ፣ በቃሊቲ በኩል ወዳለው አዳራሽ ጉዞ ጀመሩ። ሰይፈሥላሴ ቤቱን ቆልፎ የወጣ የመጨረሻው ሰው ሆነ። የጎረቤቱን የሶሬሳን ባጃጅ ይዞ ከኋላው ተቀመጠ። አዲስ ሱፍ ለብሷል፤ ክራቫቱ አንቆታል፤ ልቡ ግን ደስ ብሎታል።

ከሰፈሩ መውጫ ያለው ጉብታ ላይ ሲደርሱ ሶሬሳ ፍሬን ያዘ። ያን ጊዜ የሰይፈሥላሴ ቀኝ እግር ማንም ሳያዘው የባጃጁን ወለል ሁለቴ ደበደበው።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ወለሌን ሊበሱት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ ሶሬሳ።

ሰይፈሥላሴ አብሮት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁ አልመጣም። አጎንብሶ የገዛ እግሩን አየው፤ የሌላ ሰው እግር መሰለው።

«አልነገርኩትም» አለ።

«ማንን?»

«ዘአማኑኤልን! ፍሬኑ ሁለቴ እንደሚረገጥ አልነገርኩትም! ሶሬሳ፣ ንዳ! ከድልድዩ ቁልቁለት በፊት ድረስባቸው!»

ሶሬሳ ፊቱን ዞር አድርጎ አየውና ሳቁን ዋጠ። «ዋናው አስፋልት ላይ ትራፊክ ካገኘኝ ታርጋዬን ይፈታዋል» አለ፤ እያለም ግን እጁ ባጃጇን አስጮኻት።

ሰይፈሥላሴ ዘአማኑኤል ዘንድ ደወለ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ፤ የሚጠራው ሚዜው ኪስ ውስጥ ነው። ፈለቀች ዘንድ ደወለ። አነሳችው፤ ከበሮውና እልልታው ግን ጆሮ አይሰጥም።

«ፈለቀች! አስቁሚያቸው! መኪናዋን አስቁሚያት!»

«አልሰማህም! ኧረ አታልቅስ አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እኮ አገባች እንጂ ሌላ ምን ሆነች!» ብላ ዘጋችው።

«ክላክስ አድርግ!» አለው ሶሬሳን።

ሶሬሳ ክላክሱን ተጭኖ አለቅም አለ። የመጨረሻዋ አጃቢ መኪና ሰማችና መለሰች። ከእሷ ፊት ያለችውም ተቀበለች። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። ሠርግ ላይ ክላክስ ማንን ያስደነግጣል? ባጃጇ በጮኸች ቁጥር ደስታው እየጋለ ሄደ። ሰይፈሥላሴ ኮቱን አውልቆ ወደ ውጭ እያውለበለበ «ቁሙ! ቁሙ!» አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት አክስቶች አዩት፤ ነጠላቸውን በመስኮት አውጥተው እያውለበለቡ አጨበጨቡለት። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ሰው ጠልቶ አያውቅም።

ሶሬሳ በቀኝ በኩል በጠጠሩ ገባ። ባጃጇ እየዘለለች፣ ሰይፈሥላሴ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሚኒባሱን አለፉት። ሌሎቹንም አለፏቸው። ቁልቁለቱ አናት ላይ ብቅ ሲሉ ግን ረፍዷል። ሚዜዎቹ ድልድዩን ተሻግረው ሄደዋል። ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ተሳቢ የሚጎትት ትልቅ መኪና ቆሟል። ትንሿ መኪና ነጩን ቬሎ እያንሳፈፈች ወደ እሱ ትወርዳለች።

ከኋላዋ ቀዩ የፍሬን መብራት በራ። አልጠፋም።

«ልቀቀው» አለ ሰይፈሥላሴ በለሆሳስ። ከዚያ ጮኸ። «ልቀቀውና ድገመው! ዘአማኑኤል! ድገመው!»

መብራቱ እንደበራ ቀረ። ልጁ ያለ የሌለ ኃይሉን አንዲት እርግጫ ላይ አድርጎ ወለሉን እየገፋ ነው። መኪናዋ አልቀነሰችም። ሰይፈሥላሴ የገዛ እግሩ በባጃጁ ወለል ላይ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሁለቴ ሲረግጥ ይሰማዋል፤ የሚይዘው ግን ምንም የለም። «ልጄን በገዛ እጄ» አለ በልቡ። ዓይኑን መጨፈን ፈለገ፤ አልቻለም።

ከዚያ የመኪናዋ ኋላ ወዛወዝ አለ። አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ከአስፋልቱ ወጥታ ጠጠሩ ውስጥ ገባች፤ አቧራው ተነሳና ሁሉንም ዋጠው።

ከኋላ ያሉት አሁንም ክላክስ ያደርጋሉ።

ሰይፈሥላሴ ባጃጇ ሳትቆም ወረደ፤ ወደቀም፤ ተነሳም። አቧራው ሲገለጥ መኪናዋ ቆማለች፤ ከተሳቢው የኋላ ጎማ ክንድ የማይሞላ ቀርቷታል። ዘአማኑኤል መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ ደርቆ ቀርቷል። ልዕልት አበባዋ እግሯ ሥር ተበትኖ፣ ግራ እጇ የእጅ ፍሬኑ ላይ ነው። ጣቶቿ ደም የላቸውም።

«አባባ» አለችው። «ፍሬኑን አልነገርከውም።»

«ረሳሁት።»

«ሁለቴ ርገጠው ብዬ ብጮህ ምን እንደምል አልገባውም። ከዚያ ይሄን ሳብኩት። ጥርስ በጥርስ።»

ሰይፈሥላሴ በሩን ከውጭ ከፈተላትና እዚያው ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። አዲሱ ሱፍ ቆሸሸ። እንባው ጉንጩ ላይ ካለው አቧራ ጋር ተቀላቀለ፤ ሊጠርገውም አልሞከረም።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ስለ የቱ?» አለች።

ስለ የቱ እንደምትጠይቀው ገባው። የዘረጋችው እጅ፣ የተቀመጠው ሰሃን፣ ያን ዕለት ያላየው ፊቷ አሁን ታየው። ስንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጣ እግሩን ስታይ የኖረች ልጅ ቤት ውስጥ እያለች፣ ቁልፉን ትናንት ለመጣ ልጅ ሰጠው፤ ወንድ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት ቢፈልግም አላገኘም።

«ስለ ሁለቱም» አላት።

ሚዜዎቹ ተመልሰው መጡ። ፈለቀች እየሮጠች ደርሳ ነገሩ ሲነገራት ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ ባሏን ግን ዞር ብላም አላየችው። የመጀመሪያው ሚዜ «በቃ፣ ሙሽሮቹ በእኛ መኪና ይሂዱ» አለ። ዘአማኑኤል ወርዶ ቁልፉን ነቀለና ለሰይፈሥላሴ ዘረጋለት። «ጋሼ፣ እርስዎ ይውሰዷት። እኔ ሁለተኛ አልነካትም።»

ሁሉም ሰይፈሥላሴን አዩት። ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ዳገት ነው፣ ከዚያ እስከ አዳራሹ ሜዳ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያደርሳት ይችላል። ቁልፉን ተቀበለ። ከዚያ የልዕልትን እጅ ከእጅ ፍሬኑ ላይ አንድ አንድ ጣት እያደረገ አላቀቀና ቁልፉን መዳፏ ውስጥ አስቀመጠው።

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ...» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለችው።

ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ ለባሏ አቀበለችው፤ ቬሎዋን ሰብስባ በግራ በኩል ገባች። ዘአማኑኤል ጫማውን ታቅፎ በቀኝ ወንበር ተቀመጠ። ፈለቀች እንባዋን እየጠረገች እልል አለች፤ ሚኒባሱ ሙሉ ተቀበላት።

ሰይፈሥላሴ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። ሶሬሳ ከኋላ ከኋላ ነዳ። ዳገቱን ወጥተው፣ ሜዳውን አልፈው፣ አዳራሹ ጋ ሲደርሱ መግቢያው ትንሽ ቁልቁል ይላል። ሰይፈሥላሴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አንገቱን አወጣ። የመኪናዋ ቀይ መብራት በራ፤ ጠፋ፤ እንደገና በራና መኪናዋ ቆመች። ያን ጊዜ አጎንብሶ እግሩን አየው። ከወለሉ አልተነቃነቀም።