ለእሷ የቤቷ ቋንቋ ነበር

ሜልበርን፣ ሰንሻይን በሚባል ሰፈር የነርስ ትምህርት ስጀምር አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከሁሉም ያስቸገረኝ የቃላቱ መጨረሻ ነው። አስተማሪያችን የሕክምና ቃል መጨረሻውን ካወቃችሁ ግማሹን አወቃችሁ አለችን። በአይተስ ካለቀ የሰውነት ክፍሉ ተቆጥቷል፤ በኤክቶሚ ካለቀ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በኤሚያ ካለቀ ነገሩ ከደም ጋር ነው።

ከምኖርበት ከፍሌሚንግተን ስመላለስ ባቡር ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አጠናለሁ። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን አታጠናም። ሜልበርን የተወለደች የግሪክ ልጅ ናት፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ። ኤሚያ ሲነሳ፣ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች፣ አያቷ ደምን በግሪክኛ ኤማ እንደሚሉት ተናገረች። አይተስንም ከአያቷ የጉልበት ስሞታ ታውቀዋለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እኔ የምለፋበትን እሷ ከሾርባ ጋር ጠጥታው አድጋለች።

አንድ ሳምንት ከትምህርት ቀረች። ፈተናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ብቅ አለችና አያቷ ሆስፒታል ገብተው እንደነበር ነገረችኝ፤ ደብተሬን ፎቶ ላንሳ ብላም ለመነችኝ። ቤት ረስቼዋለሁ አልኳት። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

በፈተናው በለጥኳት። ውጤቱን ስታይ፣ «ለፍተሽበታል፣ ይገባሻል» አለችኝ።

ምሳ ላይ ስለ አያቷ አወራችኝ። አሁን ተሽሏቸዋል። እንግሊዝኛ እምብዛም አይችሉም፤ ሐኪሙ የሳንባ ምቹን ኒሞኒያ ብሎ ሲጠራው ግን ማንም ሳይተረጉምላቸው ገብቷቸው አማተቡ።

ያን ጊዜ ቅናቴ ባሰብኝ። እናቴን ማሪቢርኖንግ ሰፈር ሐኪም ጋ የወሰድኳት ቀን ትዝ አለኝ። የመገጣጠሚያ ሕመሟን አርትራይተስ ሲላት የእኔን ፊት ነበር ያየችው፣ የምትሞት መስሏት። የእናቴን በሽታ በእናቴ ቋንቋ የሚጠራ ሐኪም በዚህ አገር የለም።

«ያን ቀን ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር» አልኳት። «ቀንቼብሽ ነው።»

ማኘኳን አቆመች። «በምኔ?»

«በአያትሽ።»

ምሳዋን ይዛ ተነሳች። ለሁለት ሳምንት የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ምክንያቱን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ትምህርቱን አብረን ጨረስን። ዛሬም ሥራ ላይ፣ አንድ የግሪክ አዛውንት የበሽታቸውን ስም ሰምተው በመረዳት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሳይ፣ ያ ቅናት ትንሽ ይቆረቁረኛል።