ቀለም የተቀባው ቧንቧ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩትን ልንገራችሁ፤ አንድ ሰው በሕዝብ ፊት አንገቱን ሲደፋ ለማየት ስመኝ ኖሬአለሁ።

ሰውየው ከቡይት ራስ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወርደውን የውኃ ቧንቧ የዘረጋ ኮንትራክተር ነው። ባለቤቴ የመስመሩ ጠባቂ ነበር። ቧንቧው ሲፈነዳ ኮንትራክተሩ በባለቤቴ አሳበበ። ባለቤቴ ሲሞትም ልቅሶ መጥቶ በዕድሩ ድንኳን ሰው ሁሉ እየሰማ "ቧንቧውን ቢሰብረውም ነፍሱን ይማር" አለ።

እኔም ለቀስተኛውን አፍሬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ዛሬ ከጎንደር የመጣች ባለሙያ መስመሩን ፈተሸች። ሳትቆርጥ፣ ቀለሙን ሳትፍቅ፣ የብረቱን ጉዳት በማግኔት ኃይል የሚለይ መሣሪያ አስጠጋችበት። ያ ክፉ ቃል በዕድሩ ድንኳን ስለተባለ የዕድሩን ሰዎች ጠርቼ ነበር።

"ቀለሙን አታዩም? አዲስ ብረት እኮ ነው!" አለ ቆሞ ሲያይ የነበረው ኮንትራክተር።

"አዲሱ ቀለሙ ነው፤ ብረቱ ከሥሩ በዝገት ተበልቷል። የተቀባው ከዛገ በኋላ ነው፤ ያፈነዳውም ዝገቱ ነው" አለችው።

"ወንበር አምጡላቸው እንጂ፣ ለቀስተኛ እንዴት ይቆማል?" አልኩ ወደ ኮንትራክተሩ እያመለከትኩ።

ዕድርተኛው ሳቀ። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ጠገብኩ።

እናንተስ? በአደባባይ የተባለባችሁ በአደባባይ ተመልሶላችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

ይህን በወረቀት አሳትሜ ለንስሐ አባቴ እሰጣለሁ። ገና እንዳልተጸጸትኩም ይወቁት።