ዘነቡ አልሸጥም ያለችው

ሰሞኑን በሬዲዮ ኩላሊት መሸጥ ይፈቀድ አይፈቀድ እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። ድሃ ይጎዳል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በነፃ የተቀበለ ሰው ምን እንደሚሆን ግን አንድም የተናገረ የለም። እኔ አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ ደርሶብኛል፣ እስካሁንም አልወጣልኝም።

ባሌ ሞገስ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ተሳልሞ ወደ ላሊበላ ሲመለስ የተቀመጠባት በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ደንብራ ጣለችው። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሆስፒታል ስንደርስ ብዙ ደም ፈሶታል፣ ደም ካላገኘ አይተርፍም አሉኝ።

የኔን ውሰዱ አልኩ። መረመሩኝና አይገጥምም አሉ። ወንድሙን እንዳልጠራ ለውትድርና ወስደውታል። በር ላይ ደም የሚሸጥ ሰው አገኘሁና የጆሮዬን ወርቅ አውልቄ፣ ሰውየውን ይዤ ገባሁ። ነርሷ አይታን ተቆጣች።

"ደም አይሸጥም። ዘመድ አምጪ።"

ደሴ ላይ ዘመድ ከየት ላምጣ?

ግራ ገብቶኝ ስቆም ዘነቡ መጣች። ዘነቡ የሞገስ የመጀመሪያ ሚስቱ ናት። አልወለደችም ብለው ቤተሰቦቹ ናቸው ያፋቷቸው፤ ተጣልተው አይደለም። ይቺ ነገር ሁሌም ትቆጠቁጠኛለች። ከተፋቱ በኋላ ደሴ ገብታ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ አብረውን በመኪናው የመጡ ያገራችን ሰዎች ነገሯት። እኔን ቀና ብላም ሳታይ ክንዷን ዘረጋች። መረመሯት። የኔ እምቢ ያለው የሷ ገጠመ። ምን እዋሻለሁ፣ ከደስታዬ ቅናቴ ቀደመ።

ሞገስ ተረፈ። ስንወጣ ወርቁን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። መለሰችልኝ።

"ከተቀበልኩማ ሸጥኩት ማለት ነው እኮ፣ እቴ።"

አገራችን ገብተን እሱ ሲስቅ፣ ፊቱ ወዝ ሲያወጣ፣ ይሄ በሷ ደም እኮ ነው እላለሁ። ምግብ አልበላ ሲለኝ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ።

"አባቴ፣ ደሟ ከገባበት እህቱ ሆነች ማለት ነው። ከእንግዲህ መጋባት አይችሉም አይደል?" አልኳቸው።

በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። "በዚህ ዝምድና የለም ልጄ። ይልቅ ባልሽን ደህና አድርገሽ ያዢ" አሉኝ። መፍትሔ ብዬ ሄጄ ሌላ ጭንቀት ይዤ ተመለስኩ።

ለገና ዘነቡ ላሊበላ ልትሳለም መጣችና እኛው ቤት አረፈች። ሞገስ ከመደቡ ተነስቶ፣ ራሱ ውኃ አሙቆ እግሯን አጠባት። ለእንግዳ ወግ ነው፣ አውቃለሁ። የኔን እግር ግን አጥቦ አያውቅም። እሱ ሲወጣ ጠብቄ ያዝኳት። ወርቁንም ውሰጂ፣ በጎችም ልስጥሽ፣ ቀሚስም ልግዛልሽ፣ ብቻ ዋጋውን ንገሪኝና ይውጣልኝ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ዋጋ ካልሽማ" አለች ቀስ ብላ፣ "ዋጋው እሱ ነው። ይዤው ልሂድ?"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የሷ ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ይኸው አርጅተናል። ስሟ ሲነሳ የሞገስ ድምፅ ዛሬም ይለሰልሳል፣ እኔንም ዛሬም ያንገበግበኛል። ልክፈልሽ የሚል ቃል ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ባለዕዳ ሆኜ ባሌ አጠገቤ ቢያድር ይሻለኛል።