ውሃውን በጣቱ የለካው ጌንጎሮ

ጌንጎሮ ከሞተ ወዲህ መንደሩ ሁሉ «እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም» ይላል። እኔም እላለሁ፤ አይገኝ፣ ተመስገን ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምክትሉ ነበርኩና ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አንቱ ማለቱንም ከቀብሩ በኋላ ትቼዋለሁ።

የአገራችን የሳኑኪ ሰማይ ስስታም ነው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት የኩሬው ውሃ ለአርባ አንድ ቤት የሚከፋፈለው በእጣን እንጨት ነው። ቀጭኗ እንጨት ተለኩሳ ነድዳ እስክታልቅ ድረስ ውሃው የአንድ ሰው ማሳ ላይ ይፈስሳል፤ ስታልቅ ከበሮ ይመታና ቦዩ ወደሚቀጥለው ይዞራል። የእንጨቷ ርዝመት ግን እንደየቤቱ ነው። የአንዱ መሬት አሸዋ ነው፣ የሌላው ሩቅ ነው፣ የሌላው አያት ደግሞ ኩሬው ሲቆፈር ሞተውበታልና ጭማሪ አለው። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው የውሃ አባቱ ጌንጎሮ ብቻ ነበር። የእኔ የምክትሉ ሥራ ከበሮ መምታት ነበር።

በየዓመቱ በሩን ዘግቶ እንጨቶቹን ለብቻው ይቆርጣል። ምልክት የሚባል ነገር አያደርግባቸውም፤ በጣቱ ዳብሶ ነው የሚለያቸው። ከሳጥኑ ሲያወጣ እንኳ፣ ሌባ ይመስል፣ ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር። አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ ጌንጎሮ፣ ወረቀት ላይ ብናሰፍረው ምናለበት? ሰው ነዎት፣ ነገ ቢያምዎትስ?»

«ታመምኩልህ እንዴ?»

«ኧረ እንዲያው ለነገሩ ነው…»

«ሚያታኬ፣ አንተ ከበሮህን ደልቅ። ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሰው ያየዋል፤ ካየው ይከራከራል። እኔ እያለሁ ማን ይከራከራል?»

እርግጥ ማንም አይከራከርም ነበር። ጌንጎሮ ጉቦ አይበላም፣ ለወንድሙም አያደላም፤ የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ አባርረነው፣ ሥራውንም ተምረነው ነበር። የልጁን ሠርግ ጥሎ ቦይ ሲጠብቅ ዋለ። ትኩሳት የያዘው ጊዜም በቃሬዛ ተሸክመውት መጥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ እንጨት ሲመርጥ ሰዉ እንባው መጣ። የእኔ አልመጣም። ገንዘብ አይወድም እንጂ ስግብግብ ነበር፤ የሚሰስተው ሥራ ነው።

ከዚያ ክፉው የድርቅ ዓመት መጣ። ሩዙ ሊያሽት ሳምንት ሲቀረው ጌንጎሮ ቦዩ ዳር ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ምላሱ ተሳሰረ። በማግስቱ አርባ አንዱም ቤት ኩሬው አፍ ላይ ተሰብስቦ እኔን ያየኝ ጀመር።

ቀድማ የተናገረችው ፉሳ ናት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያለቻት አንዲት አሸዋማ ማሳ ናት፣ እሷም የቦዩ ጭራ ላይ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ቆመህ የእኔን እንጨት አታውቃትም?»

«እኔ የማውቀው ጀርባውን ነዋ!»

«እንግዲያው ጀርባው ያጠጣን!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፉሳም አልሳቀችም።

ሳጥኑን ይዤ ወደ ጌንጎሮ መኝታ ሄድኩ። እንጨቶቹን አንድ በአንድ ዓይኑ ፊት ያዝኩለት። «የፉሳ ይቺ ናት? ከሆነች ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።» ይሰማኛል፤ ዓይኑ እጄን እየተከተለ ነበር። ለመንኩት። እሱ ግን በደህናው እጁ ሳጥኑን ጎትቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው። የልጁ ሚስት ልታስለቅቀው ብትሞክር ጥርሱን ነከሰባት።

ምን ላድርግ? ሁሉንም እኩል አድርጌ ቆረጥኩ። እኩል ከሆነ ፍትሕ ነው ብዬ! ከላይ ያሉት ማሳዎች ጠግበው ተረፋቸው፤ የታችኞቹ አሸዋዎች ግን ውሃውን ገና መንገድ ላይ ዋጡት። በሦስተኛው ቀን ሰዎች የየጎረቤታቸውን ቦይ በጭቃ መድፈን ጀመሩ። በአራተኛው ቀን ሁለት ጭንቅላት በመቆፈሪያ ተፈነከተ። እኔ ከበሮ ብመታ ማን ሰምቶኝ! የፉሳ ማሳ ተሰነጣጠቀ፤ ሩዟም ቆሞ ነጣ።

በመኸር ጌንጎሮ ትንሽ ተሻለው፣ ምላሱም ጥቂት ተፈታ። ማሳውን ካላየሁ አለ፤ እኔና ልጁ ግራና ቀኝ ደግፈን ቦዩን ተከትለን ወሰድነው። የራሱም ማሳ ደርቋል፤ እሱን ዝም ብሎ አለፈው። ጭራው ላይ ስንደርስ ፉሳ ጎንበስ ብላ ፍሬ የሌለውን ገለባ ታጭዳለች። ማሳዋን ሸጣ ኦሳካ ከተማ ሰው ቤት ልታገለግል እንደምትሄድ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ጌንጎሮ ቆመ። ሲያለቅስ አየዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ ይቅርታ ቢላትማ በዚያው ቀን ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን ክንዴን ጨብጦ በዚያ በተጣመመ አፉ ፈገግ አለ።

«አየህ… ሚያታኬ… ያለ እኔ… አትችሉም።»

ፉሳ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች።

ሰው እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም። የባሰው ደግሞ፣ እውነቱን እኮ ነው፤ ያለ እሱ አልቻልንም። እንዳንችል ሲያደርገን ነዋ ዕድሜውን የጨረሰው።