ለኤምባሲ የተላከ ሽማግሌ

ባሌ አለበል ሠላሳ አንድ ደም አድርቋል። የቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አይቆጥርም። ከሽንዲ እስከ ቋሪት ሰው ተገዳድሎ ሁለት ወገን ሲፋጠጥ “አያ አለበልን ጥሩ” ይባላል። ይጠራል፣ ይሄዳል፤ እኔ በርበሬውን ብቻዬን እለቅማለሁ። ሰው ፊት “አንቱ” እለዋለሁ፤ ጓዳ ስንገባ የምለውን ጓዳችን ያውቃል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ አርባ ዓመት ሳየው ኖሬ ገና አልጨረስሁትም። የገዳይንም የሟችንም ወገን እህል አይቀምስም። ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ይለምናል እንጂ አይቀመጥም። “አረፍ በሉ” ሲሉት “የመጣንበትን እሺ ካላችሁን እንቀመጣለን” ይላል። ዝናብም ቢመጣ ቆሞ ነው። አለበል ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላው ነው፤ “ማን ጀመረ? ጥፋቱ የማን ነው?” ብሎ አይጠይቅም። “ሽማግሌ ጥፋት ከጠየቀ ዳኛ ሆነ። ዳኛ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ሞልቷል” ይላል። ስለማይጠይቅ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ እየመጣ ይነግረዋል። የሰማውን ግን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ይኖራል። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ስለው “ዝም አይነቅዝም” ብሎ ጋቢውን ይከናነባል።

የተቃጠልሁት በከንቱ አይደለም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ንብረት በእርሻ ድንበር ጠብ ተገደለ። የመቱት አምስት ነበሩ። ያን ደም ያደረቀው ያኔ ጢሙ ገና ያልሸበተው አለበል ነው። በግ ታረደ፣ መሐላ ተማለ፣ ሁለቱ ወገን አንድ ገበታ በላ። ከአምስቱ የማን ዱላ ወንድሜን እንደገደለው ግን የነገረኝ የለም። በዓመቱ አለበል ሽማግሌ ልኮ ሲጠይቀኝ እሺ ያልሁት ለመልኩ እንዳይመስላችሁ። ያውቃል፣ አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ ነው ያገባሁት። ሰባት ልጅ ወለድሁለት፤ አልነገረኝም። እኔም ዙሪያውን ስዞር ኖርሁ እንጂ ፊት ለፊት ጠይቄው አላውቅም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሀብትነሽ ልጅ ልነግራችሁ ብዬ ነው።

ሀብትነሽ ከሽንዲ ወጣ ብላ በቆሎና በርበሬ እያረሰች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ልጅ ነበራት፣ ስመኘው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ወጣ፤ በስንት መከራ አንድ ብርዳም አገር ገባ፤ እዚያ ሠርቶ የአገሩን ዜግነት ወሰደ። የኛን ፓስፖርት ግን አልመለሰም። ከዚያ ለሥራ ብሎ ወደ አንድ ሞቃት አገር ሄደ። የአገሮቹን ስም አልጠራም፤ አለበል አስምሎኛል። ሲገባ ያሳየው የኛን ፓስፖርት ነው፤ የብርዳሙ አገር ግን ቦርሳው ውስጥ ነበር። ለምን እንዲያ እንዳደረገ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በስለላ ተብሎ ታሰረ፤ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ በኅዳር አንድ ቀን ጠዋት ፈርደውበት ገደሉት።

በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ከረመና ሲለቀቅ ቡሬ ሁሉ ወሬውን ከስልክ አነበበው። እናቱ ብቻ አልሰማችም። መርዶውን ጎህ ሲቀድ ሄዶ የነገራት አለበል ነው። ሰዉ ጩኸት ሲጠብቅ ሀብትነሽ ቀስ ብላ “ሬሳውስ?” አለች። ሬሳው እዚያው አገር ሆስፒታል በረዶ ቤት ነበር። “ልጄ በረዶ ላይ ተኝቶ እኔ ድንኳን አልጥልም። ኪዳነ ምሕረት አባቱ ጎን ሳላገባው አላለቅስም” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዋን ትታ መሬት ላይ ትተኛ ጀመር።

ከዚያ አገሮቹ ተጣሉ። ብርዳሙ “ዜጋዬን ገደልህ” ብሎ የሞቃቱን አምባሳደር አባረረ፤ ሞቃቱም በፋንታው አባረረ፤ ሁለቱም አንዱ ሌላው አገር ያለውን ኤምባሲ ዘጉ። ሬድዮው ለልጁ ሲሉ እንደተጣሉ አድርጎ ያወራል። ሬሳውን ፈርሞ የሚረከብ ሰው የጠፋው ግን በዚሁ ጠብ ነው። ሁለቱም ለሀብትነሽ በየፊናቸው ወረቀት ላኩላት። የሞቃቱ አገር ወረቀት “ልጄ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው ብለሽ ፈርሚ” ይላል። የብርዳሙ “የኛ ዜጋ ነው ብለሽ ፈርሚ” ይላል። አንዱን ብትፈርም በሌላው በኩል ያለው በር ይዘጋል። ፍኖተ ሰላም ወርዳ ብትጠይቅ ደግሞ ሕጋችን ሁለት ዜግነት አያውቅም አሏት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላል የኛ ሰው፤ እሷ አምጣ የወለደችውን የማን እንደሆነ ሊነግሯት ይከራከራሉ።

ሁለቱን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤታችን መጣች። “አያ አለበል፣ በልጄ ላይ ተጣሉብኝ። ማን ያስታርቅልኝ?” አለችው።

አለበል ከዘራውን መሬት ላይ እያንኳኳ ቆየና “ኤምባሲያቸው አዲስ አበባ የለም?” አለ።

“አለ ይላሉ፤ የሁለቱም።”

“እንግዲያ ደጃፍ አላቸው” አለ።

እኔ ሳቅሁ፤ አልዋሽም። መንግሥትና መንግሥት እንደኛ እንደ ወንበርማ ገበሬ በሽማግሌ ሊታረቅ! ግን ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። “አንቺ ወዴት?” አለኝ። “ወረቀት የሚያነብልህ ማን ነው?” አልሁት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱ ያኔም ዕርቅ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ኤምባሲ የሚሉት ነገር ምን እንደሚመስል ሳላይ መሞት አልፈለግሁም። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ለጥቂት ቀን ሲከፈት አለበል፣ የኪዳነ ምሕረቱ ቄስ ይታገሱ፣ ሀብትነሽና እኔ አውቶቡስ ተሳፈርን።

መጀመሪያ የብርዳሙ አገር ኤምባሲ ገባን። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ሻይና ብስኩት አመጡልን። የምታስተረጉም ፍሬሕይወት የምትባል ደግ ልጅ “አባባ፣ ቁጭ በሉ እንጂ” ትላለች። አለበል “እሺ ስትሉን እንቀመጣለን” ብሎ ቆመ። ቄሱም ቆሙ፣ እኛም ቆምን። ግራ ገብቷቸው ባለሥልጣኑም ከወንበሩ ተነሣ፤ ስድስት ሰው ቆሞ ሻይ ሲቀዘቅዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ መቼም አላስችል ብሎኝ “ልጁ ምን አድርጎ ነው?” አልሁ። ባለሥልጣኑ “ፍርዱ በአግባቡ አልተካሄደም” አለ። “እሱን አልጠየቅሁም” አልሁት። አለበል በከዘራው ጫማዬን ነካ አደረገኝ።

የሞቃቱ አገር ኤምባሲ በሩንም አልከፈተልን። ዘበኛው “ቪዛ ከሆነ ሐሙስ ነው” አለን። “ለሽምግልና ነው” አለ አለበል። ዘበኛው ሽምግልና በሚከበርበት አርሲ ያደገ ሰው ነበር፤ የነገሩን መንገድ ገባው መሰለኝ፣ ወደ ውስጥ ደወለ። ማንም አልወጣም። እኛም ግንቡን ይዘን ቆምን። ሀብትነሽ እግሯ አብጦ ነበር፤ ዘበኛው በርጩማውን ቢያመጣላት አልቀመጥም አለች። በማግሥቱም ቆምን። በሦስተኛው ቀን ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ከአማርኛ ተናጋሪያቸው ጋር ወጣ። መጀመሪያ የጠየቀው “እነዚህ ሰዎች ለምን አይቀመጡም?” ብሎ ነው።

አለበል አስረዳው። “እኛ ጥፋት ልንቆጥር አልመጣንም። በኛ አገር ሬሳ አስቀምጦ ነገር አይነሣም። መጀመሪያ ይቀበር፤ ጠቡ ከፈለጋችሁ ይቆያችኋል።”

ሰውዬው አለበልን ትክ ብሎ አየው። አባት ያለው ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ታየኝ፤ ብጠላውም ታየኝ። ወደ ውስጥ አስገባን። እኔ አሁንም “ምን አድርጎ ነው?” አልሁ። “ምስጢር ነው” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አለበል ከዚያ ደጅ ወደዚህ ደጅ አራት ቀን ተመላለሰ። ያሳሰበው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ዜግነት የሚለው። “ባዶ ተዉት። ስመኘው የወይዘሮ ሀብትነሽ ልጅ ነው በሉ፤ ይህን የሚክድ አለ? ሬሳውንም አንዳችሁ ለአንዳችሁ አትሰጣጡም፤ በሽማግሌ እጅ ይለፍ” አለ። በገበሬ ዕርቅም እንዲሁ ነው፤ ገዳይ ለሟች ወገን በቀጥታ የሚያቀብለው ነገር የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምታችኋል፤ ይህ ወረቀት ግን ለቀቀ። ባዶ መስመር ማንንም አያዋርድም መሰለኝ፣ ሁለቱም ቀስ በቀስ እሺ አሉ።

የቀረች አንዲት ነገር ነበረች። የሞቃቱ አገር ሰው ከወረቀቱ ግርጌ አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ ወረቀቱን ይዘን የብርዳሙ ኤምባሲ ሄደን ለሀብትነሽ አነበብሁላት። እናትየው ሬሳውን ከተረከበች ስለ ልጇ ሞት የትም ፍርድ ቤት አትከስስም ይላል። ፍሬሕይወት ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። “እማማ፣ እኛ ክስ እያዘጋጀን ነው። እርስዎ ከፈረሙ እናቱ የሌለችበት ክስ ይሆናል። እውነቱ ላይወጣ ይችላል” አለቻት።

ሀብትነሽ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ይዛዋለች። መጀመሪያ አለበልን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል፤ ልማዱ ነው። ከዚያ ስሜን ጠርታ ወደኔ ዞረች።

“ንግሥቴ፣ አንቺ ወንድምሽን ቀብረሽ፣ ማን እንደገደለው ሳትጠይቂ አርባ ዓመት ኖረሻል። ይቻላል?”

ሰው ሁሉ አየኝ። አለበልም ቀና አለ። ይቻላል ብል ውሸት ነው፤ እዚያ ደጅ ደግሞ መዋሸት አልቻልሁም።

“አይቻልም” አልኋት። “ግን እኔ የማልችለው መቃብሩ ዳር ቁጭ ብዬ ነው።”

ሀብትነሽ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። አለበል በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሳጥኑ በዘጠነኛው ቀን ቦሌ ደረሰ። ፈርሞ የተረከበው አለበል ነው፤ ፊርማውን ከኔ ለመማር አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶበታል። ከቡሬ ወዲያ ሬሳውን የሽንዲ ሰው በትከሻው ተቀባበለው። ልጇ ሰላይ ነው ብለው ሲርቋት የነበሩ ጎረቤቶች ሁሉ መጡ። ቄስ ይታገሱ በክርስትና ስሙ ፈቱት፤ አባቱ ጎን ገባ። ያን ጊዜ ሀብትነሽ አለቀሰች። ከመርዶው ቀን ጀምሮ ያከማቸችውን ነው ያለቀሰችው፤ እኔም የራሴን ጨምሬ አለቀስሁ።

በሦስተኛው ቀን ከመቃብሩ ዳር አገኘኋት። ላጽናናት ሄጄ ነበር። እሷ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀችኝ። “ጻፊልኝ” አለች። “ለገደለው አገር ኤምባሲ ነው። ልጄ ምን አደረገ? በይልኝ።”

“ፈርመሻል እኮ” አልኋት።

“ወረቀቱ አትክሰሺ አለ እንጂ አትጠይቂ አላለም። መልስ እስኪሰጡኝ በየወሩ እልካለሁ። አሁን መጠየቅ እችላለሁ፤ ልጄ እዚህ ነው።”

ጻፍሁላት። አንድ መስመር ብቻ ነው። ግን ሦስት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጻፍሁት። ያችን መስመር ሀብትነሽ በሦስት ቀን አወጣቻት። እኔ ወንድሜ እዚያው ግቢ ተቀብሮ፣ የሚያውቀው ሰው ጎኔ እየተኛ፣ አንዲት ቃል ሳላወጣ አርጅቻለሁ። በራሴ ተናደድሁ። መንገዱን ሁሉ እየተናደድሁ ቤት ገባሁ።

እኩለ ቀን ሆኗል። አለበል መደቡ ላይ ተቀምጦ ምሳ ይጠብቃል። ምሳውን አቀረብሁለትና ከፊቱ ቆምሁ።

“ነይ እንጂ፣ ብይ” አለኝ።

“አልበላም።”

“ኧረ ቁጭ በይ።”

“የመጣሁበትን እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም” አልሁት። ጓዳ ውስጥ አንቱ ያልሁት ያን ቀን ብቻ ነው። “ወንድሜን የገደለው የማን ዱላ ነው?”

የቆረሳት ጉርሻ እጁ ላይ ቀረች። “እሱ ነገር በመሐላ ተዘግቷል” አለ። እኔ ቆምሁ። “አርባ ዓመት ሆነው” አለ። ቆምሁ። በርበሬው ደጅ ተሰጥቷል፤ ዶሮዎቹ ገብተው ሲረግጡት ይሰማኛል፣ አልወጣሁም። አምስቱም አፈር ገብተዋል፤ የሚበቀልም የሚበቀሉትም የለም። ይህን እሱም ያውቃል። እግሬ መዛል ሲጀምር የሀብትነሽን ያበጠ እግር አሰብሁ።

ወጡ ቀዘቀዘ። አለበል ጉርሻዋን ወደ መሶቡ መለሰ፣ እጁን ታጠበ። ከዚያ መደቡ ላይ ጠጋ ብሎ በመዳፉ አቧራውን ጠረገልኝ።

“እሺ” አለ። “ተቀመጪ፣ እነግርሻለሁ።”

ተቀመጥሁ።