መጠቅለያው ላይ የሚፈሰው ወተት

ከቡሬ የገዛሁት የጀርመን ቸኮሌት ከመዳፌ አይበልጥም፤ አራት ማዕዘን ነው፣ መጠቅለያው ሰማያዊ። በላዩ ወተት ከብርጭቆ እየፈሰሰ ወደ ቸኮሌትነት ሲለወጥ ይታያል። ይኸው ሥዕል የሰው ቁመት አክሎ የሱቁ በር ላይም ተለጥፏል። ማስታወቂያ የማያታልለኝ ሰው እንደሆንኩ አምን ነበር። ያን ቀን ግን ከሥዕሉ ፊት ቆሜ «ይህን ያየ ሰው ሳይርበው ይርበዋል» አልኩና ገባሁ። የምፈልገውም ይህንኑ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ቤታችን እናቴ ምግብ እምቢ ካለች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር።

ሐኪሙ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳትወስድ አስጠንቅቋል። ካልበላች አትወስድም፤ ካልወሰደች ደግሞ አትድንም። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ አልቅሻለሁ፤ ያቀረብንላትን ሁሉ ግን በእጇ ገፋ ታደርገዋለች።

ቸኮሌቱን አልጋዋ ላይ ሳኖረው ልታስታምማት የመጣችው አክስቴ አገላብጣ አየችው።

«ሳሙና ነው እንዴ? ሰው ለታመመ ሳሙና ይዞ ይመጣል?»

እናቴ ሳቀች። መጠቅለያውን ተቀብላ ስትዳስስ ጣቷ ሥዕሉ ላይ ቆመ።

«ደስ ሲል! እስቲ ክፈተው።»

መሐሉን ስጫነው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ያ ድምፅ ራሱ ምራቅ እንዲጠራ የታሰበበት የንግድ ብልሃት መሆኑን አንብቤ አውቃለሁ። ሽታው ሲደርሳት ምራቋን ስትውጥ አየሁ። እኔ በዘጠኝ ቀን ልቀሰቅሰው ያልቻልኩትን ምኞት በሩቅ አገር ያለ የማላውቀው ሠዓሊ ቀሰቀሰው።

አንዲት ቁራሽ ከከንፈሯ አድርሳ ቆም አለች። ጊዜው ፍልሰታ ነበር።

«ይሄ የጾም ነው አይደል፣ ልጄ?»

የተጠየቅሁትን በትክክል መመለስ ከልጅነቴ ጀምሮ የምኮራበት ልማዴ ነው። መጠቅለያውን ገልብጬ ደቃቁን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበብኩ።

«ወተት አለበት፣ እምዬ። ግን አንቺ እኮ ታመሻል፤ ለታመመ…»

ቁራሿን ወረቀቱ ላይ መለሰቻት።

«የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ?» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

አክስቴ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

«አንተ የተማርህ! ሥዕሉን እሷም አይታዋለች እኮ። ወተት ምን እንደሚመስል ጠፍቷት ነው? አዎ በለኝ አለችህ እንጂ መርምርልኝ መቼ አለችህ?»

ሰምና ወርቅ እንፈታለን የምንል ሰዎች ነን፤ የገዛ እናቴን ጥያቄ ግን በሰሙ ብቻ ሰማሁት።

የንስሐ አባቷ ፈረስ ቤት ከተማ ካለ ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ገብተዋል፤ ስልክም አይዙም። በማግስቱ በጭቃና በዝናብ ሄጄ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘኋቸው።

«ለሕሙም ማን ጹም አለው? ፈትቻታለሁ፤ ትብላ። ቶሎ በል!» አሉኝ።

ቤት ስደርስ እንደፈቀዱላት ነገርኳት። ለእኔ ብላ አፏን ከፈተች፤ ቁራሿን ለጥቂት ጊዜ ይዛት ቆየችና በነጠላዋ ጫፍ ተፋቻት።

«ያኔ አምሮኝ ነበር» አለች። «አሁን ሽታው ራሱ አስጠላኝ፤ አንሣልኝ።»

አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅሁ፣ የጾም ነው፣ ተሳስቼ ነው ያነበብኩት፣ ወተት የለበትም እያልኩ ለመንኳት። ራሴን ዳበሰችኝ እንጂ አፏን አልከፈተችም። ፍልሰታ ሳይፈታ ቀበርናት።